ኮኛክ በደሴ ብርድና በኮምቦልቻ ሙቀት፦ አሽትቶና አጣጥሞ ለመጠጣት

ዘመድ ከውጭ ሲመጣ በስጦታ ያመጣው ኮኛክ በብዙ ቤት ቡፌ ላይ ቆሞ ዓመት ይቆጥራል። ለሠርግ ወይም ለልጅ ምረቃ ይከፈትና በአረቄ መለኪያ ተቀድቶ፣ «ለጤናችን!» ተብሎ፣ በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል። ጉሮሮ ይነዳል፣ ዓይን ያነባል፣ «ኃይለኛ ነው» ይባላል፣ ጠርሙሱም ያልቃል። በዚህ መሃል መዓዛውን ልብ ያለው ሰው የለም። ገንዘቡ ግን የተከፈለው ለመዓዛው ነበር፤ አልኮሉንማ በጣም ባነሰ ዋጋ ከየትኛውም አረቄ ማግኘት ይቻላል።

ኮኛክን በወጉ መቅመስ በአጭሩ ከአልኮል ትነት ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ትነቱ ቀድሞ ከገባ አፍንጫ ይደነዝዛል፤ ከዚያ በኋላ የ2 ዓመቱም የ20 ዓመቱም አንድ ዓይነት ይሸታል። የብርጭቆው ቅርጽ፣ የሚቀዳው መጠን፣ ሙቀቱ፣ የሚጠበቀው ደቂቃ፣ ሁሉም ትነቱን ወደ ጎን አድርጎ መዓዛውን ለማስቀደም ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ከፍታና አየር እጃቸውን ያስገባሉ፤ ለዚህ ነው ሌላ አገር የተጻፈ ምክር እንዳለ ቢወሰድ እዚህ የማይሠራው።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው

ኮኛክ ከወይን ጠጅ የሚወጣ አረቄ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በምዕራብ ፈረንሳይ በሻራንት ወንዝ ዳር ካለችው ከተማ ነው። ወይኑ የሚበቅልበት ክልል እ.ኤ.አ. በ1909 በሕግ ተከልሏል። ከዚያ ክልል ውጭ የተሠራው፣ የቱንም ያህል ግሩም ቢሆን፣ ብራንዲ ነው። በእኛ ሱቆች «ኮኛክ» የሚል ስም ይዘው የሚሸጡ አገር ውስጥ የተሠሩ መጠጦች የራሳቸው ጠጪ አላቸው፤ የተሠሩበት ነገርም አሠራራቸውም ሌላ ስለሆነ ግን እዚህ የሚባለውን ከእነሱ መጠበቅ አይገባም።

ወሎ ገጠር አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው አሠራሩ አይከብደውም፤ ኮኛክ «ዳግም» ነው። ዩኒ ብላን ከሚባል ነጭ ወይን ደካማና ጎምዛዛ ጠጅ ይጠመቃል፤ አልኮሉ ከ8 እስከ 10% ገደማ ነው። በመዳብ ማውጫ አንዴ ሲወጣ 30% አካባቢ ይደርሳል፣ ዳግም ሲወጣ 70% ገደማ። ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ራሱና መጨረሻ የሚመጣው ጭራው ተለይተው መሃሉ ብቻ ይያዛል። አንድ ሊትር ለማግኘት 9 ሊትር ገደማ ጠጅ ይሄዳል። ይህ ገና እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ቀለሙም ብዙው መዓዛውም የሚመጣው ውስጡ በእሳት ከተለበለበ የኦክ እንጨት በርሜል ነው። ጠላ ጠማቂ ጋኗን በወይራ ስታጥን ሽታው ጠላው ውስጥ እንደሚገባ ሁሉ፣ የበርሜሉም እንጨት እየቆየ ኮኛኩ ውስጥ ይገባል፤ ልዩነቱ ጋኑ ሳምንታት፣ በርሜሉ ዓመታት መፍጀቱ ነው። በዚያ ጊዜ በየዓመቱ 2% ያህሉ በእንጨቱ በኩል እየተነነ ይጠፋል፤ ፈረንሳዮች «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። በዚያ ትነት የሚኖር ጥቁር ሻጋታ የመጋዘኖቹን ግድግዳና ጣሪያ ጥላሸት ያስመስለዋል።

መለያው ላይ ያሉት ፊደላት የዕድሜ ምልክት ናቸው። ቪኤስ (VS) ከተጻፈ ጠርሙሱ ውስጥ ከተቀላቀሉት የተለያየ ዕድሜ ያላቸው አረቄዎች ሁሉ ትንሹ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል፤ ቪኤስኦፒ (VSOP) ከሆነ 4፣ ናፖሊዮን ከሆነ 6፣ ኤክስኦ (XO) ከሆነ 10 ዓመት። ኤክስኦ እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ 6 ዓመት ብቻ ይጠየቅበት ስለነበር፣ ከዚያ በፊት የተገዛ ጠርሙስ ካላችሁ በዛሬው መስፈርት አትለኩት። አንዳንዱ ላይ «ፊን ሻምፓኝ» የሚል አለ። ከሚፈላው ሻምፓኝ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ወይኑ ግራንድ ሻምፓኝና ፔቲት ሻምፓኝ ከሚባሉት ሁለት የኖራ አፈር ያላቸው ቀበሌዎች መምጣቱን፣ ቢያንስ ግማሹም ከግራንድ ሻምፓኝ መሆኑን ይናገራል።

ኮኛክ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜው ይቆማል። ቡፌ ላይ 15 ዓመት የቆመ ቪኤስኦፒ ዛሬም ቪኤስኦፒ ነው፤ ፀሐይ ካገኘው እንዲያውም ቀለሙ ደብዝዞ መዓዛው ሳስቷል። ቀለም ራሱም ሊያታልል ይችላል፤ ሕጉ ካራሜል መጨመር ስለሚፈቅድ ጠቆር ማለቱ ዕድሜን አያረጋግጥም። ብርጭቆውን ሲያዞሩት በጎኑ የሚንቆረቆረው እንባም በአብዛኛው የአልኮሉ ሥራ ነው፤ ለጥራት ምስክር አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ለመማር የቱ ይሻላል ለሚል፣ ቪኤስኦፒ ይሻላል። ቪኤስ አልኮሉ ስለሚቀድም ጀማሪን ያስበረግጋል፤ ኤክስኦ ደግሞ ገና አፍንጫው ላልተለማመደ ሰው ብክነት ነው።

ስትገዙ ማሸጊያው ያልተነካ፣ መለያው ያልተጣመመና ጽሑፉ ያልደበዘዘ መሆኑን እዩ። መደርደሪያው ላይ አንድ ዓይነት ጠርሙሶች ካሉ ደግሞ የፈሳሹን ከፍታ እርስ በርስ አስተያዩ፤ በፋብሪካ የተሞላ እኩል ነው፣ በእጅ የተሞላ ይበላለጣል። ውስጡ ደለል ካለ ተዉት። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ካነሰም ምክንያት አለው። የውድ መጠጥ ባዶ ጠርሙስ ለቆራሌው ስትሰጡ መለያውን ፍቃችሁ ስጡ፤ ያው ጠርሙስ ሌላ ነገር ተሞልቶ እንዳይመለስ።

ሲከፈት

ኮኛክ የሚታሸግበት አገር ከባሕር ጠለል እምብዛም አይርቅም፤ ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጠርሙሱ ውስጥ የታሰረው አየር የዚያኛውን አገር ግፊት ይዞ ስለሚመጣ፣ እዚህ ሲከፈት ቡሹ በራሱ ገፍቶ «ጷ» ሊል ይችላል። ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ። ጠርሙሱን አቁማችሁ፣ ቡሹን በአውራ ጣት ደግፋችሁ፣ በሌላው እጅ ጠርሙሱን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ቡሹ ብቻ ከተጠመዘዘ፣ በተለይ የቆየ ከሆነ፣ ይሰበራል። ከተሰበረና ፍርፋሪው ከገባ በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልላችሁ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡት። ጨርቁ ሽታ በሌለው ሳሙና የታጠበ ይሁን።

ብርጭቆው

የሚፈለገው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ፣ እግር ያለው ትንሽ ብርጭቆ ነው። ሆዱ መዓዛው እንዲነሣ ቦታ ይሰጠዋል፣ አፉ ይሰበስበዋል፣ እግሩ ደግሞ ሙቀቱን እናንተ እንድትወስኑ ያደርጋል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ በቀላሉ የሚገኘው ምትክ 150 ወይም 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ትንሽ የወይን ብርጭቆ ነው፤ ከበቂ በላይ ነው።

ፊልም ላይ የሚታየው፣ በመዳፍ የሚታቀፈው ሆደ ሰፊ ኳስ ብርጭቆ ያምራል እንጂ ለመቅመስ አይመከርም። ፈሳሹ ሰፊ ቦታ ላይ ስለሚተኛ አልኮሉ ቶሎ ይተናል፤ መዳፍ ሲያሞቀው ይብስበታል፤ ያ ሁሉ ትነት ደግሞ ጠባቡ አፍ ላይ ተሰብስቦ አፍንጫን ይጠብቃል። ከሥሩ ሻማ ማብራት ደግሞ ለመጠጡም ለእጅም አደጋ ነው፤ የሞቀ የአልኮል ትነት እሳት ይይዛል።

ብርሌ? ሆዱ ደስ ይላል፤ አንገቱ ግን ረጅምና ቀጭን ስለሆነ አፍንጫ አያስጠጋም፣ ትነቱንም አንገቱ ውስጥ ያምቀዋል። ለጠጅ ይቆይ። የአረቄ መለኪያ ጭራሽ ለማሽተት ቦታ የለውም። ሌላ ምንም ከሌለ የሻይ ብርጭቆ ይሻላል፤ አፉን ለሁለት ደቂቃ በንጹሕ ሲኒ ማስቀመጫ ክደኑት፣ መዓዛው ይጠራቀማል።

ከመቅዳታችሁ በፊት ባዶውን ብርጭቆ አሽትቱት። ሳሙና፣ የቁም ሣጥን ሽታ ወይም የእርጥብ ፎጣ ሽታ ካለው በሙቅ ውሃ አለቅልቃችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ይህን ዘሎ ብዙ ሰው የሳሙና ሽታን በኮኛኩ ያሳብባል።

ሙቀቱ፦ ደሴ ሌላ፣ ኮምቦልቻ ሌላ

መጽሐፍ ላይ ያለው ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ይህ ግን ለቆላማው የፈረንሳይ አገር ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውና ባቄላ አልበስል ብሎ ባለቤቱን የሚያሰለቸው በዚሁ ነው። አልኮልም ከብርጭቆው ለመነሣት ይቀለዋል። በዚያው በ20 ዲግሪ ደሴ ላይ የተቀዳ ኮኛክ አፍንጫን ይበልጥ ይወጋል። ስለዚህ ደሴ ላይ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ብታደርጉት መዓዛው ይደርሳል፣ ትነቱም ይታገሣል።

ደግነቱ የደሴ ብርድ ራሱ ያግዛል። ችግሩ ማብዛቱ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ማታ፣ ከጦሳ ተራራ በኩል ብርዱ ሲወርድ፣ ሳሎን ውስጥ የቆመ ጠርሙስ ከ15 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ኮኛክ አፉን ይዘጋል፣ ከእንጨት ሽታ በቀር ምንም አይሰጥም። ቀድታችሁ የብርጭቆውን ሆድ ለሦስት ደቂቃ በመዳፋችሁ ያዙና ልቀቁ፤ አሽትቱት፤ ካልተከፈተ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ምድጃ ዳር ማስቀመጥ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ የሚነሣው መዓዛ በአንዴ ይበተናል።

25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ ከ25 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እዚያ ጠርሙሱን አቁማችሁ፣ አንገቱ ሳይነካ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩት። ብርጭቆውን በእግሩ ያዙ፣ ሆዱን አትንኩ። ፍሪጅ ውስጥ አታሳድሩት።

ቴርሞሜትር ለሌለው፣ ብርጭቆውን ከንፈር ላይ ሲያስነኩት ከእንስራ እንደተቀዳ ውሃ ለስለስ ያለ ቅዝቃዜ ሊሰማ ይገባል። ጥርስ የሚነካ ብርድ ከሆነ ሙቀት ጎድሎታል፤ ምንም ካልተሰማ ሞቋል።

አፍንጫና አፍን ማዘጋጀት

ወሎ ቤት ውስጥ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ባለበት ክፍል ኮኛክ ማሽተት አይቻልም። ቡናው ይቅደም ካላችሁ ክፍሉን አናፍሱና ቢያንስ አንድ ሰዓት ቆዩ፤ ይልቁንም ኮኛኩ ቀድሞ ቡናው ቢከተል ሁለቱም ይከበራሉ። ሽቶ የተቀባ እጅ፣ ሲጋራና የጥርስ ሳሙናም እንደዚያው ናቸው። ጫት ላይ የቆየ አፍ ምሬቱ ስለማይለቀው ለዚያ ቀን ይቅርበት።

በርበሬ የበዛበት ወጥ ከበላችሁ 45 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በርበሬው ያቃጠለው ምላስ ላይ አልኮል ሲጨመር ሁለቱ ይደጋገፉና ከቃጠሎ በቀር የሚቀመስ አይኖርም። በባዶ ሆድም ልክ አይደለም፤ ቅመም የሌለው ዳቦ ወይም አምባሻ ጥቂት ቁራሽ መብላት በቂ ነው። አጠገባችሁ ተራ ውሃ ይኑር፤ ያልቀዘቀዘ፣ ጋዝ የሌለው።

መጠኑ

ለአንድ ሰው 25 ሚሊ ሊትር። ከ700 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 28 ጊዜ ይወጣል። መስፈሪያ ከሌለ የልጆች ሲሮፕ የሚመጣበት ትንሿ መለኪያ ቆብ በሚሊ ሊትር የተመለከተ ስለሆነ ግሩም ነው፤ አለበለዚያ አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ተኩል ማንኪያ ትንሽ ይበልጣል። አንዴ ለክታችሁ ብርጭቆው ላይ የት እንደሚደርስ ካያችሁ በኋላ በዓይን ትቀዳላችሁ። ከዚህ ሲበዛ ብርጭቆው ውስጥ ለመዓዛው ቦታ አይቀርም፤ እንግዳ ሊከበር ተብሎ እስከ አፉ መሙላት እዚህ ላይ እንግዳውን መበደል ነው።

ሁለት ሦስት ዓይነት ለማነጻጸር ከሆነ ከእያንዳንዱ 15 ሚሊ ሊትር ቅዱና ከወጣቱ ወደ ያረጀው ሂዱ። ከኤክስኦ ወደ ቪኤስ የተመለሰ አፍ ቪኤሱን ይበድለዋል።

ማሽተት

ቀድታችሁ ሦስት ደቂቃ ተዉት። መጀመሪያ የሚነሣው አልኮል ይበተን።

ብርጭቆውን ሳታንቀሳቅሱ ከአገጫችሁ በታች፣ ከአፍንጫችሁ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። አፋችሁን ትንሽ ከፈት አድርጉ። በረጅሙ አትሳቡ፤ ውሻ ዱካ እንደሚያነሣ አጭር አጭር፣ ሁለት ሦስቴ ብቻ። በዚህ ርቀት የሚደርሰው ቀላሉ ሽታ ነው፦ አበባ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ ኮክ። ምንም ካልደረሰ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጉ። በጥቂት በጥቂቱ ወደ ላይ ስታመጡት የሚወጋ ነገር የሚጀምርበት ቦታ ይገኛል፤ እዚያ ስትደርሱ ትንሽ ወደ ኋላ መልሱት። የእናንተ ቦታ ያ ነው። ለእያንዳንዱ ሰውና ለእያንዳንዱ ጠርሙስ ይለያያል።

አፍንጫ ቀጥታ ብርጭቆ ውስጥ የሚከት ሰው በመጀመሪያዋ ትንፋሽ ለአምስት ደቂቃ አፍንጫውን አጣ ማለት ነው። ቢሆንባችሁ መፍትሔው ቀላል ነው፤ የገዛ ክንዳችሁን ወይም የለበሳችሁትን ጋቢ አሽትቱ። አፍንጫ የለመደው ሽታ ያሳርፈዋል።

ቀጥሎ ብርጭቆውን አንዴ ሁለቴ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። እንደ ወይን ጠጅ አታሽከርክሩት፤ የወይን ጠጅ አልኮል 12 እና 13% ነው፣ ይኼኛው 40%፤ በተሽከረከረ ቁጥር የሚቀሰቀሰው ትነቱ ነው። አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና አሽትቱ። አሁን ከበድ ያሉት ይመጣሉ፦ ቫኒላ፣ ማር፣ ቀረፋ፣ የተቆላ ለውዝ። ያረጀ ከሆነ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሌላ ዙር አለ፦ ዘቢብ፣ ተምር፣ ቆዳ፣ ትንባሆ፣ የአያት የእንጨት ሣጥን ሲከፈት የሚመጣው ሽታ፣ እንጉዳይ። ፈረንሳዮች ለዚህ መጨረሻ ለተባለው የእርጅና መዓዛ «ራንስዮ» የሚል ልዩ ስም አላቸው፤ የሚመጣው ብዙ ዓመት ከቆየው ነው።

«እኔ አልኮል ብቻ ነው የሚሸተኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ አፍንጫው አልጎደለም፤ ስሙ ነው ያልመጣለት። ለዚህ የሚሆነው ልምምድ በኪስ አይከብድም። ሰኞ ገበያ ወይም ሰፈራችሁ ካለው የቅመም ሻጭ ትንሽ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ኮረሪማና ዘቢብ ግዙ፤ ማር፣ ተምርና አንድ ብርቱካን ጨምሩ። እያንዳንዱን በየሲኒው አድርጉ፤ ቀረፋውና ኮረሪማው ሸርከት ይበሉ፣ ብርቱካኑ ልጣጩ ብቻ ይሁን። በሲኒ ማስቀመጫ ክደኑና 10 ደቂቃ ተዉ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ ሰው እያቀያየረ ያቅርብላችሁ፤ ስማቸውን ጥሩ። ሰባቱንም ሳትሳሳቱ ስትጠሩ ወደ ኮኛኩ ተመለሱ። ቀድሞ «ጣፋጭ ነገር» ብላችሁ ያለፋችሁት ዘቢብ መሆኑ ወዲያው ይታያችኋል። ኮረሪማ በፈረንሳዮች የመዓዛ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ የእኛ አፍንጫ ግን ያውቀዋል፣ ከሸተታችሁም ኮረሪማ ብላችሁ ጥሩት።

መቅመስ

የመጀመሪያዋ ፉት የምትባለው ከንፈርና ምላስ ለማርጠብ ብቻ ናት፤ አንድ ሚሊ ሊትር፣ ጥቂት ጠብታ። ስለ ጣዕሙ ምንም አትፍረዱባት። አፍ 40% አልኮል ሲነካው ይደነግጣል፣ ምራቅ ይሞላል፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ግማሽ ደቂቃ ጠብቁ።

ሁለተኛዋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ትሁን። ምላስ ላይ አስቀምጣችሁ ከፊት ወደ ኋላ፣ ከዚያ ወደ ጉንጭና ድድ አዳርሷት። ከ8 እስከ 10 ድረስ ቁጠሩ። መጀመሪያ ጣፋጩ ይመጣል፤ ቀጥሎ ቅመሙና ፍሬው፤ ድድ ላይ ደግሞ የጠነከረ ሻይ እንደሚያደርገው የሚያኮማትር ስሜት ይኖራል፤ እርሱ የእንጨቱ ነው። ዋጡና አፋችሁን ዘግታችሁ ትንፋሻችሁን በአፍንጫ አውጡ። ከሁሉም የሚበልጠው መዓዛ በዚያ ትንፋሽ ላይ ነው የሚመጣው፤ የጨለጠ ሰው አፉን ከፍቶ «እህ!» ሲል የሚያባርረው እርሱኑ ነው።

ከዚያ ሰዓት ተመልከቱ። ወጣቱ ቶሎ ይጠፋል። ደኅናው ያረጀው ከደቂቃ በላይ አፍ ውስጥ ይቆያል፤ እየቆየም ይለወጣል፣ ማር የነበረው ዘቢብ፣ ዘቢብ የነበረው ካካዋ ይሆናል። በሁለት ፉት መሃል ሁለት ሦስት ደቂቃ ይኑር። 25 ሚሊ ሊትር ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት።

አሁንም የሚያቃጥላችሁ ከሆነ ውሃ ጨምሩ፤ ማንም ምንም ቢል ነውር አይደለም። 25 ሚሊ ሊትሩ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ውሃ ሲጨመር 40% የነበረው ወደ 36% ይወርዳል፤ ሙሉ ማንኪያ ከሆነ ወደ 33%። በጠብታ ጀምሩ፣ እየቀመሳችሁ ጨምሩ፤ የተጨመረ ውሃ አይመለስም። ያረጀ ኤክስኦ ግን በውሃ ቶሎ ይሳሳል፤ ለእርሱ ሦስት አራት ጠብታ ይበቃል። በረዶ መዓዛውን ስለሚዘጋው ለመቅመስ አይሆንም።

ሲበላሽ የሚመጡት ምልክቶች ጥቂት ናቸው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽታ ቀድሞ ከመጣና ከአሥር ደቂቃ በኋላም ካልሄደ አረቄው ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ራሱ በደንብ አልተለየም። የእርጥብ ካርቶን ሽታ የቡሹ ነው። ሲዋጥ ምሬት ብቻ ካስቀረ እንጨቱ በዝቶበታል፤ እንደ ከረሜላ ጣፍጦ ወዲያው ከጠፋ ስኳርና ካራሜል በርትቶበታል። ዝም ያለ፣ ምንም የማይሸት ከሆነ ደግሞ ሁለት ምክንያት አለ፦ ወይ ቀዝቅዟል፣ ወይ ተከፍቶ ብዙ ቆይቷል።

ከምን ጋር

ጥቁር ቸኮሌት፣ ዘቢብ፣ ጨው የሌለበት ለውዝ፣ ተምር። ከፉቱ በፊት ሳይሆን በኋላ፣ በጥቂቱ። ቆሎ ሲቆላ የመረረ ከሌለበት ከቪኤስ ጋር ይስማማል።

ቪኤስ ተከፍቶ ብቻውን ካልጣማችሁ ከአምቦ ውሃ ጋር ሞክሩት፤ 40 ሚሊ ሊትር ኮኛክ፣ 120 ሚሊ ሊትር አምቦ፣ አንድ የብርቱካን ልጣጭ፣ ረጅም ብርጭቆ። ለኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ተስማሚ ነው። አምቦው የራሱ ማዕድናት ስላሉት ለስስ መዓዛ አይራራም፤ ቪኤስኦፒና ከዚያ በላይ ያለውን አትንኩበት።

40 ሚሊ ሊትር ኮኛክ ውስጥ ያለው አልኮል አንድ ጠርሙስ ቢራ ውስጥ ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት የቅምሻ ብርጭቆ ቀምሶ የደሴን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ መንዳት አይገባም፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ክረምት ላይ ጉም ይወርድበታል። የሚነዳው ሰው ከመጀመሪያው ይታወቅና አሽትቶ ብቻ ይሳተፍ፤ ከኮኛክ ደስታ ትልቁ ክፍል አይቀርበትም። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ መድኃኒት ላይ ያለ፣ ዕድሜው 21 ያልሞላ አይቀርብለትም። በሃይማኖቱ የማይጠጣ እንግዳ ካለ ደግሞ ብርጭቆ ይዞ አለመጋበዝ የቤቱ ጨዋነት ነው።

ተከፍቶ ሲቀመጥ

ጠርሙሱ ቆሞ ይቀመጥ። እንደ ወይን ጠጅ ከተጋደመ 40% አልኮል ቡሹን ይበላዋል። ከቡፌው መስተዋት ወጥቶ ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ፀሐይና ቴሌቪዥን ዳር ያለ ሙቀት ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው። ከግማሽ በላይ እስካለ ድረስ አንድ ዓመት በደኅና ይቆያል። ከግማሽ ሲያንስ ውስጡ የገባው አየር መዓዛውን ስለሚያሳሳው በአራት በአምስት ወር ውስጥ ጨርሱት፤ ወይም ትንሽ ንጹሕ የመስተዋት ጠርሙስ ውስጥ እስከ አንገቱ ሞልታችሁ ክደኑት። ፕላስቲክ ሃይላንድ ውስጥ አታድርጉት፤ የፕላስቲኩን ሽታ ይወስዳል።

የጠጣችሁበትን ብርጭቆ ማታውኑ አትጠቡ። የቀረችው ጠብታ ትድረቅ፤ ጠረጴዛው ላይ አሳድሩት። ጠዋት አልኮሉ ሄዷል፣ የሚዋጋችሁ ነገር የለም፤ አፍንጫችሁን እስከ ውስጥ ማስገባት ትችላላችሁ። ደኅና ኮኛክ ከሆነ ቫኒላው፣ ማሩና የበርሜሉ እንጨት እዚያው ደርቆ ይጠብቃችኋል። ተራ ከሆነ የተቃጠለ ስኳር ወይም ምንም አይሸትም። ማታ የተከራከራችሁበት ጠርሙስ ካለ ፍርዱን ከዚያ ውሰዱ፤ ከዚያ ቡናው ይቆላ።